የለቃሚዎቹ መብራት

በደርግ ዘመን አሰበ ተፈሪ ተቀምጬ በየከተማው ላሉ ፋብሪካዎች የኤሌክትሪክ ሥራ እሠራ ነበር። አንድ ጊዜ ገለምሶ ለሚገኝ የቡና ማበጠሪያ የመቆጣጠሪያ ሳጥን እንድነድፍ ተላክሁ። ሳጥኑ የሚያውቀው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው። የእኔ ሥራ ስንት ነገር እንደሚያበራና እንደሚያጠፋ፣ ስንቱስ በአንድ ጊዜ እንደሚበራ አጣርቼ መጠኑን መወሰን ነበር። ለየሞተሩ፣ ለጎተራው በር፣ ለደወሉ፣ በየማሽኑ ላይ ላሉት ቀይና አረንጓዴ መብራቶች፣ ለእያንዳንዱ ከሳጥኑ አንድ መስመር ይወጣል።

ሥራ አስኪያጁ ንድፉን አየና፣ "ይኼ ትርፍ መስመር ለምንድን ነው?" አለኝ።

"ማሽን ቢጨመር ብዬ ነው።"

"ማሽን አይጨመርም።"

"አንዱ መስመር ቢበላሽስ?"

"እሱ ይበላሻል" አለና ፈረመ።

ማሽኖቹን እየዞርኩ ሳይ ከኋላ ካለው አዳራሽ ደረስኩ። እዚያ ሴቶች ቡና ይለቅማሉ። አለቃቸውን ሁላችንም አዴ ነበር የምንላቸው።

"አዴ፣ እዚህ የሚበራ ነገር አለ?"

"የለም። አንድ አምፖል አድርግልን።"

"ለምን?"

"ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት። በማሽኑ ጩኸት አዛን አይሰማንም። ከፊት ሳጥኑ ጋ የሚቀመጠው ልጅ ይሰማዋል። እሱ ያብራልን፣ ሰግደን እንመለሳለን።"

"ንድፉ ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?"

"እሱን አንተ እወቅ። የተማርከው አንተ ነህ።"

"ትርፍ" ብዬ ጻፍኩት።

ሳጥኑ ተተከለ። ከፊት የሚቀመጠው ኦፕሬተር ክርስቲያን ነበር፤ አንድም ቀን ዙህርን አላሳለፈባቸውም።

ከዚያ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ መጣ። ሳጥኑ ላይ የተቃጠለ አምፖል ለመለየት መብራቱን ሁሉ ባንዴ የሚያበራ ቁልፍ ነበረ። ተቆጣጣሪው ረፋድ ላይ ተጫነው። እኔ ትራንስፎርመሩ ጭነቱን ይችለው ይሆን ብዬ ዓይኔን እሱ ላይ ተክያለሁ። ቻለው። ደስ አለኝ።

ቀና ስል ለቃሚዎቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በመስኮቱ አጠገብ ወደ ውሃው ቧንቧ ያልፋሉ።

"የት ነው የሚሄዱት?" አለ ተቆጣጣሪው።

አዴ ፀሐይዋን አይተው ኖሮ ተመልሰው ገቡ።

"ገና ነው እኮ! ማነው ያበራው?"

ኦፕሬተሩ በአገጩ ወደ ተቆጣጣሪው አመለከተ። "ጓድ ናቸው።"

"መብራቱ የምንድን ነው?" አለ ተቆጣጣሪው።

"የሶላት ነው" አሉ አዴ።

ሥራ አስኪያጁ ጫማውን ማየት ጀመረ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ነገር የት እንደሚያደርስ አይታወቅም።

"ብዙ ያቆያል?" አለ ተቆጣጣሪው።

"ወላሂ፣ እናንተ ሻይ ጠጥታችሁ ከምትመለሱት ያንሳል።"

ተቆጣጣሪው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "ከመፈተኛው ቁልፍ ይነጠል" አለኝ። "በተፈተነ ቁጥር ሥራ ሊቆም ነው እንዴ?" ሌላ ነገር ሳይል ወደ ሚዛኑ ክፍል ሄደ።

ሴቶቹ ተመለሱ። እኔም ሽቦውን ስነጥል አዴ አጠገቤ ቆመው ያያሉ።

"ልጁ ቢታመምስ ማን ያበራልናል?" አሉኝ።

ሥራ አስኪያጁ ከበሩ ላይ ሰማ።

"እኔ አበራለሁ" አለ።

ልጁን ወባ የያዘው ጊዜ እውነትም አበራላቸው። አዴ እንደነገሩኝ፣ ለማብራት ሁልጊዜ ትንሽ ይቸኩል ነበር።