ቲቸር ሞላ ያተሙልኝ ሠላሳ አንድ ገጽ

ባለፈው ሳምንት ቆቦ ወርጄ እናቴ የጓዳውን ሣጥን ካላራገፍሽልኝ ብላ ይዛኝ፣ ክዳኑን ገና ብድግ ሳደርገው የብል መድኃኒትና የከረመ ወረቀት ሽታ ፊቴን መታኝና ከልብሱ ሥር የአሥራ አንደኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሬ ወጣ። ሌላው ልጅ ደብተሩን በጋዜጣ ወይም ባለፈ ዓመት ካላንደር ሲሸፍን የእኔ ግን የተሸፈነው በነጭ ወረቀት ነበር፤ ሙጫው ደርቆ ኖሮ ገና ስነካው ልጣጩ ተገለበጠ፣ የውስጥ ገጹም በኮምፒውተር ጽሑፍ ጢም ብሎ፣ ከታች ጥጉ ላይ «ገጽ 17» ይላል። ካለሁበት ቁጭ አልኩ። እናቴ «ምነው ዘሃራ፣ እባብ አየሽ እንዴ?» አለችኝ። እባብስ በተሻለኝ።

የገረመኝ ደግሞ የቀኑ መገጣጠም ነው። አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤቴ ለምንሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ አዲስ ቅጥያ እንሥራ ወይስ የነበረውን እንጠግን የሚለውን አንቺ ወስኚ ብሎኝ፣ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሰኞ መልስ ይጠብቃሉ። ቅጥያ የምንለው ኮድ በሚጻፍበት ፕሮግራም ላይ ተለጥፎ ትእዛዞቹን በቀለም የሚለይና ስንሳሳት የሚነግረን ነገር ነው። እኔም በልቤ አዲስ ይሠራ ብዬ ጨርሼ ነበር የመጣሁት።

ቲቸር ሞላ የኮምፒውተር መምህራችን ነበሩ፤ ከላስታ ደጋ የወረዱ፣ የቆላችንን ሙቀት እስከ መጨረሻው ያልለመዱት፣ እርጥብ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው የሚያስተምሩ ቀጭን ሰው። በቆርቆሮ ክዳን ሥር የተደረደሩት አሥራ አራት ኮምፒውተሮች መብራት መጥቶ ሲከፈቱ የጋለ አቧራ ይሸቱ ነበር፤ ለእኔ የትምህርት ሽታ ማለት እስከ ዛሬ እሱ ነው። በእንግሊዝኛ ትእዛዝ ኮድ ሊያስተምሩን ሞክረው አልሆን ሲላቸው፣ በአማርኛ ትእዛዝ የሚሠራ ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ ራሳቸው ሠሩልንና «ቦይ» ብለው ሰየሙት። ክፈት፣ ዝጋ፣ ድገም፣ አሳይ፤ «ይህን የማያውቅ የራያ ገበሬ ልጅ ካለ ይምጣና ልየው» ይሉ ነበር። ለቦይም ቅጥያ ሠሩለት፤ ያ ቅጥያ ታዲያ ስንሳሳት የሚናገረን በራሳቸው አፍ ነበር። «በስምንተኛው መስመር የከፈታችሁትን ማን ይዝጋላችሁ? እናታችሁ?» ይላል ስክሪኑ፤ ከሮቢትና ከጎብዬ የሚመላለሱት ልጆች ተሳስተው ሳያፍሩ ይልቁንም ሌላው መጥቶ እንዲያነብላቸው ይጣሩ ነበር፤ አንዳንዱማ ምን እንደሚል ለመስማት ሲል ሆን ብሎ ይሳሳታል።

እውነቱን ለመናገር ግን ቅጥያው መልከ ጥፉ ነበር። እስኪከፈት ድረስ ሰው ውሃ ጠጥቶ ይመለሳል፣ ብርቱካንማ ቀለሙ ዓይን ይወጋል፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት ይዘጋል። እኔ ደግሞ ደሴ አጎቴ ዘንድ ከርሜ ዘመናዊውን ሁሉ አይቼ፣ ልቤ አብጦ ነበር የተመለስኩት። «ቲቸር፣ ይህን መጠጋገኑን ትተን አዲስ እንሥራ» አልኳቸው በድፍረት። ፎጣቸውን አገላበጡና «እኔ ዝውውር ጠይቄያለሁ። ለታናናሾችሽ የሚቀረውን ወስኚ፤ ብቻ መጀመሪያ አንብቢው» አሉኝ። በሁለተኛው ቀን ኮዱን በሙሉ አትመው፣ ሠላሳ አንድ ገጽ፣ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

ይህን ምክር ከእሳቸው በፊት ከአባቴ አፍ ሰምቼዋለሁ። አባቴ የሰፈራችን የውሃ አባት፣ የመስኖውን ውሃ የሚያከፋፍልና ቦዩን የሚያስጠግን ሰው ነበር። እኛ አገር ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እያቃጠለች፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ በጎሊና ወንዝ ይወርዳል፤ ገበሬው እሱን በእንጨት፣ በቅጠልና በአፈር ጠልፎ በቦይ ወደ ማሽላው ይመራዋል፣ ጎርፉም በየዓመቱ የተሠራውን ይበጣጥሰዋል። በየዓመቱ ታዲያ ጎረምሶቹ አሮጌው ቦይ ጠማማ ነው፣ አዲስ እንቆፍር ይላሉ። አባቴ አይከለክልም። «ከአፉ እስከ ጭራው በእግርህ ሂድበት፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ ለምን እንደታጠፈ ነግረኸኝ ቆፍር» ይላል። ሄዶ የተመለሰው «ሦስተኛው መታጠፊያ እንዲያው ዝም ብሎ ነው» ያለ እንደሆነ «ዝም ብሎ የሚታጠፍ ቦይ የለም፣ ተመለስ» ብሎ ያባርረዋል። አንዱ ምክንያቱን ነግሮት አዲስ ሲቆፈር አይቻለሁ፤ ብዙዎቹ ግን ሁለትና ሦስት ቀን ከተመላለሱ በኋላ አካፋቸውን ይዘው አሮጌውን ሲጠግኑ ይገኛሉ።

የዚህ ሰው ልጅ የሆንኩት እኔ፣ አራት ገጽ አነበብኩ። ኮዱ በየመስመሩ ይጠማዘዛል፤ ተማሪው እንዲህ ከጻፈ ይህን በል፣ እንዲያ ከጻፈ ያንን በል፣ ማለቂያ የለውም። ምን ዓይነት መንዛዛት ነው ብዬ ተውኩት። ወረቀቱ ግን! ነጭ፣ ጠንካራ፣ ጀርባው ባዶ። ከታናሽ እህቴ ጋር የዱቄት ሙጫ በጥብጠን፣ ሁለት ሁለቱን እያጣበቅን፣ ጽሑፉን ወደ ውስጥ እያዞርን ደብተሮቻችንን ሁሉ ሸፈንበት፤ ለጎረቤት ልጆችም ተረፈ። አይ እኔ! ያን ሰሞን እንደኔ ደብተሩ ያማረለት አልነበረም።

«አነበብሽው?» አሉኝ ቲቸር። አዎ አልኩ። «ሁሉንም?» ሁሉንም አልኩ። «እንግዲያው ደግ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ፤ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

አዲሱን በሁለት ወር ጨረስኩት፤ ሲያዩት የሚያምር፣ ዓይን ሳይጨፈን የሚከፈት ነበር። ኮምፒውተሮቹ ላይ ቦታ ስላልተረፈ አሮጌውን ከአሥራ አራቱም ላይ በገዛ እጄ አጠፋሁ። ከዚያ አዲሶቹ ዘጠነኛ ክፍሎች ኮምፒውተር መማር ጀመሩ። የእኔ ቅጥያ «ስህተት፦ መስመር 8» ይላል፣ በቃ፤ ልጆቹ እጃቸውን አጣምረው ስክሪን ያያሉ፣ የሚስቅ የለም፣ ጓደኛውን የሚጠራ የለም። አንዲት የዋጃ ልጅ ሳምንት ሙሉ አንዷን መስመር ስታይ ሰንብታ ከዚያ ወዲያ ወደ ክፍሉ ድርሽ አላለችም። ቲቸር ሞላ ፎጣቸውን ይዘው ከወንበር ወንበር ሲዞሩ፣ አሮጌው ቅጥያ ይለው የነበረውን አንድ በአንድ በአፋቸው ሲናገሩ ይውላሉ።

አንድ ቀን ሄጄ «አሮጌውን እንመልሰው» አልኳቸው። ቅጂው የነበረበትን የእሳቸውን ፍላሽ ቫይረስ በልቶታል። ፊታቸው ግን በራ፤ «ምን ችግር አለው፣ ያተምኩልሽ አለ አይደል! ከዚያ ላይ እንገለብጠዋለን» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ የሒሳብ ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ ነው የቆምኩት። ያን ቀን ቤት ለቤት ብዞር ገጾቹን ከየደብተሩ ላይ ልጬ መሰብሰብ እችል ነበር፤ ሽፋኖቹ ገና አልተቀደዱም። «ጠፋብኝ» አልኩ። ሐፍረት ክፉ ነው፤ ትንሹን ጥፋት ትልቅ አድርጎ ያሳድገዋል።

ቲቸር በክረምቱ ተዛወሩ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ማረፋቸውን ሰማሁ፤ ነፍሳቸውን ይማርልኝ። ያቺ የቆርቆሮ ክፍል ዛሬ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆናለች፣ ቦይ የሚባል ቋንቋ እንደነበረም የሚያስታውስ ሰው ቆቦ ውስጥ አላገኘሁም። አባቴም የለም፤ አላህ ይዘንለት፣ ይህን ጉዴን ሳልነግረው ነው የሞተው።

ሣጥኑ አጠገብ እንደተቀመጥኩ ለመሥሪያ ቤቱ ልጆች ደወልኩ። አሮጌውን ቅጥያ ማን እንደጻፈው አያውቁም፤ አንብባችሁታል ወይ ብላቸው «ገረፍ ገረፍ አድርገነዋል» አሉኝ። አትማችሁ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጡልኝ አልኩ። መልሴ «አዲስ ይሠራ» ሊሆን ይችላል፤ ሰኞ ግን አይደርስም።

ከዚያ ገጽ 17ን አነበብኩ። ያኔ እኔ ድገም ብዬ እጽፍና መቼ እንደሚቆም ሳልናገር እተወዋለሁ፣ ኮምፒውተሩም ደርቆ ይቀራል፤ አሥር ጊዜ ሳይሆን መቶ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ለዚያ ስህተት ቲቸር የጻፉት መልስ ይኸው፦ «ድገም ብለሻል፤ እስከ መቼ እንደሆነ አልተናገርሽም። ጎርፍ እንኳ ማታ ይጎድላል።» ከሥሩ፣ ኮምፒውተሩ የማያነበው፣ ለሰው ብቻ የሚተው ማስታወሻ አለ፦ «ይህን ስህተት ያስተማረችኝ ዘሃራ ናት። እዚህ ስትደርስ ትስቃለች።»

አራተኛው ገጽ ላይ ነበር የተውኩት። እዚህ ለመድረስ አሥራ ሦስት ገጽ ቀርቶኝ ነበር።