ጭላሎ ላይ ያበበችው ጅብራ

ልጅ ሳለሁ በእኛ ቤት ጅብና ቀበሮ አይናገሩም ነበር። በጎረቤቶቻችን ቤት አንበሳ ችሎት ይቀመጣል፣ ጦጣ ታታልላለች፤ እኛ ቤት ግን የማታውን ወግ የሚያወጉን አዳዳ ከዲጃ ስለነበሩ፣ አውሬው ሁሉ አውሬ እንደሆነ ይቀር ነበር። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ እሳቸውም የአባቴ ታላቅ ነበሩ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ እህል በበቅሎ ጭነው ከጎበሳ እስከ አቦምሳ ሲነግዱ፣ አብረዋቸው ብዙ አገር አይተዋል። ባላቸው ሲሞቱ አሰላ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። «እኔ ተረት አላውቅም። ያየሁትን ነው የማወራው» ይሉ ነበር።

ያኔ ፀሐይ ገና ጥልቅ ስትል ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ በበሩ ስንጥቅ እየሾለከ ይገባል። መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ አዳዳ ምድጃው አጠገብ ካለው መደብ ላይ ይቀመጣሉ፤ የጥዱ ጭስ ከጣሪያው ስር ይንሳፈፋል፣ ፍሙ ይቀላል ይጠቁራል፣ ኩራዙም የፊታቸውን ግማሽ ብቻ ያሳየናል። ሰውን ወደ ማር ስለምትመራው ወፍ የነገሩን እዚያ መደብ ላይ ሆነው ነው። መንገደኛ ስታይ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች ትጮሃለች፤ ሰውየው ወደኋላ ከቀረ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ ንቦቹ ያሉበት ዛፍ ጋ ስታደርሰው ዝም ትላለች። እሱ ማሩን ሲወስድ እሷ ሰፈፉን ትበላለች። አዋሽ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ እንደሚያልቅም የሰማሁት ከእሳቸው ነው።

«ታዲያ ውሃው የት ይገባል?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ፀሐይ ትጠጣዋለች አሉ። ይሄን ግን እኔ አላየሁም፤ ከግመል ነጂዎች የሰማሁት ነው» አሉኝ። ያዩትንና የሰሙትን እንዲህ ለይተው ስለሚናገሩ ይመስለኛል፣ እናምናቸው ነበር።

ከሁሉም የምንወደው ግን የጅብራን ወግ ነበር። ጅብራ ጭላሎ አናት ላይ፣ ዛፍ ሁሉ ብርዱን ፈርቶ በቀረበት ቦታ ትበቅላለች። ማታ ማታ ረጃጅም ቅጠሎቿን ሰብስባ፣ ጋቢ እንደተከናነበ ሰው እምቡጧን ትሸፍናለች፤ ጠዋት ፀሐይ ስታገኛት መልሳ ትዘረጋለች። ብዙ ዓመት እንዲህ ኖራ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ታብብና ትሞታለች። አዳዳ ስታብብ ያዩዋት አዲስ ሙሽራ ሳሉ ነበር። ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ በግቢያችን ቤት የተከራየው መምህር፣ ጋሼ ታደሰ፣ ይህን ሲሰማ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ «በራሷ ትከናነባለች ነው የሚሉኝ?» አለ። ቀልዶ ሳይሆን እውነት ደንቆት ነበር።

በዚያው ዓመት የአዳዳ ዓይን እየደከመ መጣ። አባቴ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው፤ መድኃኒት የለውም ተብለው ተመለሱ። እሳቸው አላለቀሱም። አንድ ማታ ብቻ ወጋቸውን ጨርሰው ወደ አባቴ ዞሩና፣ «ጭላሎ ውሰደኝ» አሉት።

«ምን ሊያደርጉ? ብርዱን እኛ እንኳ አንችለውም።»

«ጅብራ ያበበች እንደሆነ ላያት ነዋ። ትንሽ ብርሃን ሳይቀረኝ አይቀርም።»

አባቴ ደረታቸው እንደሚታመም፣ መንገዱ ገደል እንደሆነ፣ አበባም ላይገኝ እንደሚችል ነገራቸው። እሳቸው ሁሉንም አዳምጠው፣ «ወንድሜ፣ ዘንድሮ ካልወጣሁ በኋላ የምወጣው ለምን ብዬ ነው?» አሉ። አባቴ ፍሙን በእንጨት ሲቆሰቁስ ቆየና በማግሥቱ በቅሎ ተዋሰ።

የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ ጭኮ ተሰነቀልን። አዳዳ በበቅሎ፣ እኔ፣ አባቴና ጋሼ ታደሰ በእግር ሆነን ቀኑን ሙሉ ወጣን። የገብሱ ማሳ አለቀ፣ ጥዱ አለቀ፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦው ብቻ ቀረ። ሲመሽ ቁጥቋጦው ጫፍ ላይ ካለ የዘመዳችን ጎጆ አደርን። እኔ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ አዳዳ ግን ሌሊቱን ሲያስሉ፣ አባቴም በሳሉ ቁጥር ቀና ሲል ይሰማኝ ነበር።

ገና ሲነጋጋ ወጣን። ሣሩ በበረዶ ነጥቶ ከእግራችን ስር ይንኮሻኮሻል። መጀመሪያ ያገኘናት ጅብራ ከአባቴ ቁመት ትበልጣለች፤ ቅጠሎቿ እንደተባለው ወደ ላይ ተሰብስበው ጫፍ ለጫፍ ተያይዘዋል። በውጭ በኩል በረዶ ጋግሮባቸዋል። አባቴ አዳዳን ከድንጋይ ላይ አቆማቸውና እጃቸውን ይዞ እስከ እምቡጧ አደረሰላቸው። ቀስ ብለው ጣቶቻቸውን በቅጠሎቹ መሃል ሰደዱ።

«ውስጡ አልቀዘቀዘም» አሉ። «ና አንተ መምህር፣ ንካት።»

ጋሼ ታደሰም እጁን አስገባ። ትልቅ ሰው ሆኖ እንደ ልጅ አፉን ከፍቶ ቆመ።

ያበበችዋን እኔ ነበርኩ ያየኋት። ራቅ ብላ ከአለቱ ጥግ ብቻዋን ቆማለች። እየሮጥኩ ተመልሼ አዳዳን በእጃቸው ጎትቼ ወሰድኳቸው። ፊት ለፊቷ ስናቆማቸው ግን ዓይናቸውን አጠበቡ፣ ራሳቸውን ወዲህም ወዲያም አዘነበሉ፤ ፊታቸው ወደቀ።

«ጥላ ብቻ ነው የማየው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አባቴ ፊቱን አዞረ። አዳዳ ትከሻዬን ፈልገው ያዙና፣ «በይ አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ።

«በጣም ታምራለች፣ አዳዳ።»

«ማማሯንማ አውቃለሁ። ምን እንደምትመስል ነው የጠየቅኩሽ።»

ያኔ ነው መጀመሪያ በደንብ ያየኋት። ከቅጠሎቿ መሃል የወጣው ግንድ ሁለት ሰው ተደራርቦ እንደቆመ ረጅም እንደሆነ፣ ከላይ እስከ ታች ግራጫ ፀጉር እንደለበሰ፣ አበቦቹ ከፀጉሩ ውስጥ ትንንሽ ምላስ አውጥተው ቀለማቸው ወደ ወይን ጠጅ እንደሚያደላ ነገርኳቸው። ላስደስታቸው ብዬ፣ «ወርቅም ወርቅ ይመስላሉ» ስላቸው ትከሻዬን ጫን አደረጉት።

«ወርቅ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ተይው። ያለውን ንገሪኝ።»

ያለውን ነገርኳቸው። የታችኞቹ ቅጠሎች ደርቀው እንደ አሮጌ የሣር ገሳ እንደተንጠለጠሉ ስነግራቸው፣ «መሞት ጀምራለች ማለት ነው» አሉ። ፀሐይዋ ከጀርባችን ስትወጣ አንዲት የምታብረቀርቅ ትንሽ ወፍ መጥታ አበባው ላይ ተንጠለጠለች፤ ቀጭን ጎባጣ አፏን እየሰደደች ስትመጠምጥ እንቅስቃሴዋን ሁሉ አንድ በአንድ አወራኋቸው። አዳዳ እየሰሙ ቀስ በቀስ ፈገግ አሉ። «ወፏን ያኔ እኔ አላየኋትም ነበር» አሉኝ። ወደ በቅሎዋ ስንመለስ እጄን አልለቀቁም።

ክረምት ሳይገባ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የዋልኩበትን የምጠየቀው እኔ ሆንኩ፤ ያልተመለከትኩትን ከጠየቁኝ በማግሥቱ ሄጄ አይቼ እመጣለሁ። ዛሬ ስለ ጅብራ መጻሕፍት የሚሉትን አንብቤያለሁ፤ አዳዳ ከነገሩን የሚቃረን አላገኘሁም። ይበልጥ በልቤ የቀረው ግን ከተራራው የተመለስንበት ማታ ነው። ጎረቤቶቻችን ተሰብስበው ምድጃውን ከበዋል። አዳዳ አበባዋን በእኔው ቃል፣ ምንም ሳይጨምሩ፣ ከነፀጉሯ ከነወፏ አወሯት። ወጉ ሲያልቅ አንዲት ጎረቤታችን ዓይናቸውን አይታ፣ ፈራ ተባ እያለች፣ «አዳዳ፣ ይሄን በዓይንዎ አዩት?» አለቻቸው።

የሰሙትን ሰማሁ ማለት የማይከብዳቸው ሴት፣ ሳያቅማሙ፣ «አዎ፣ አየሁት» አሉ።