በእትዬ ሻንታና በእትዬ ናስሪን መካከል

ባለፈው ቅዳሜ ጄኔቭ፣ ላንሲ ያለው ቤቴ ልገባ ደረጃ ስወጣ፣ ከአንዱ ጎረቤት በር ሥር አብሽ በዘይት ሲቁላላ ሸተተኝና ዘንቢሌን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሽታው ከጄኔቭ አንስቶ ዙሪክ አጠገብ፣ ረገንስዶርፍ፣ ያደግኩበት ግራጫ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አደረሰኝ።

እዚያ ፎቅ ላይ የእኛ በር መሃል ነበር። በግራችን ከሕንድ የመጡት እትዬ ሻንታ፣ በቀኛችን ከፓኪስታን የመጡት እትዬ ናስሪን ይኖሩ ነበር፤ ከሁለቱም በር ሥር ይኸው ሽታ ይወጣ ነበር። "እትዬ" የምላቸው እናቴ ትልቅ ሰው በስሙ ብቻ እንዳልጠራ ስለከለከለችኝ ነው፤ እነሱም ትርጉሙን ሳያውቁት ወደውት ነበር። አንዳቸው ሂንዱ፣ አንዳቸው ሙስሊም ናቸው፤ ኩርፊያቸውን ከየአገራቸው ጭነው የመጡ ይመስል ሊፍት ውስጥ ከተገናኙ አንዳቸው ወጥተው በደረጃ ይሄዳሉ።

ምድር ቤቱ ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት ተስማምቶ እንዲኖር ተብሎ የተከፈተ የሰፈር ማዕከል ነበር። ኃላፊዋ፣ ሳቂታ የስዊስ ሴት፣ ሁለቱ ከተሰባበረ ጀርመንኛ ሌላ የጋራ ቋንቋ የላቸውም ብላ አምና ነበርና፣ ትምህርት በሌለበት ረቡዕ ከሰዓት አንድ የስፌት ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣቸውና እኔን የዘጠኝ ዓመቷን በጀርመንኛ እንዳግባባ መሃል ትከተኛለች። እትዬ ሻንታ በተሰባበረ ጀርመንኛ "መቀሱን እንድታቀብለኝ ንገሪያት" ይሉኛል። እትዬ ናስሪን ጨርቁ ላይ እንዳቀረቀሩ "እጅ የላትም ወይ በያት" ይላሉ። እኔም ዞሬ "ትንሽ ይጠብቁኝ ብለዋል" እላለሁ። በመስኮቱ ጓደኞቼ ኳስ ሲያባርሩ ይታየኛል፤ መነሳት ግን አልችልም። እናቴ ከጽዳት ሥራዋ እስክትመለስ የቤታችን ቁልፍ አንድ ሳምንት ከግራ፣ አንድ ሳምንት ከቀኝ ጎረቤት ስለሚቀመጥ፣ አንዳቸውን ካስቀየምኩ ደረጃ ላይ መቅረቴ ነው ብዬ እፈራለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

አንድ የኅዳር ረቡዕ የእትዬ ናስሪን ስልክ ጮኸ። አዳመጡ፤ ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥለው በቋንቋቸው እየጮኹ ማልቀስ ጀመሩ። ኃላፊዋ ውሃ ይዛ ሮጠችና "ምን እያሉ ነው?" አለችኝ። ሁሉም እኔን ያያል። እኔ ደግሞ አንድም ቃል አልገባኝም፤ ከወንበሬና ከጠረጴዛው መካከል ተጣብቄ እኔም አለቅሳለሁ።

እትዬ ሻንታ የያዙትን ጨርቅ አስቀመጡ። በጀርባዬ ዞረው ሄዱና እትዬ ናስሪንን አቅፈው፣ በዚያው በማይገባኝ ቋንቋ ያናግሯቸው ጀመር። እትዬ ናስሪንም መለሱላቸው። የእትዬ ሻንታ ሂንዲና የእትዬ ናስሪን ኡርዱ ሲነገሩ አንድ ያህል እንደሆኑ፣ ሁለቱ ሴቶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊግባቡ ይችሉ እንደነበር ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

የተባባሉትን እትዬ ሻንታ በኋላ ነገሩኝ። የእትዬ ናስሪን እናት ፓኪስታን፣ ላሆር ላይ አርፈዋል። እትዬ ናስሪን ግን እንደ እኛው ኤፍ የሚባለው ጊዜያዊ የመኖሪያ ወረቀት ብቻ ስለነበራቸው፣ ከስዊዘርላንድ ከወጡ ተመልሰው ልጆቻቸው ዘንድ መግባት አይችሉም። "እናቴን ሌላ ሰው ሊያጥባት ነው" ነው ያሉት። እትዬ ሻንታም "እኔም የእኔን አልቀበርኩም" አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ወንበሮቻቸውን አጠጋግተው ተቀመጡ። እኔ "ሂጂ ተጫወቺ" ተባልኩ። ስንት ረቡዕ የተመኘሁትን ነጻነት አገኘሁና ወጣሁ፤ ኳሱን ትቼ ግን ከውጭ ሆኜ በመስኮቱ ሲስቁ አይ ነበር።

ማዕከሉ ከተዘጋ ቆይቷል። እትዬ ሻንታ ከሦስት ዓመት በፊት አረፉ። እትዬ ናስሪን ኡስተር ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸው በስዊስ ጀርመንኛ ብቻ ነው የሚመልሱላቸው። ቅዳሜ ማታ ደወልኩላቸውና ስለ እትዬ ሻንታ አነሳን። "ሞቷንስ ተቀብዬዋለሁ፤ የፈጣሪ ነው" አሉኝ። "ያ የተኮራረፍንበት ሁለት ዓመት ግን የእኛ ነበር። ጎኔ ተቀምጣ፣ ቋንቋዬን እያወቀች፣ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ዋልሽ አላልኳትም።"