ያልሞከርኩት ቅኝት

ትናንት ታናሽ እህቴ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣችና «ይሄን አዲስ የሙዚቃ ሶፍትዌር ልማረው ወይስ ጊዜዬን ነው የማባክነው?» አለችኝ። ሳሪስ የሠራሁበት ስቱዲዮ ትዝ አለኝ።

አስረኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ ያልመጣልኝ ክረምት ነበር። ከጋሽ ከድር ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጀርባ፣ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እቀዳለሁ፣ ደረጀ የጋሽ ከድርን ኪቦርድ ይጫወታል። ሰርግ ላይ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። በምሳ ሰዓት፣ ሳምቡሳ በበላበት ጣቱ ቁልፎቹን ዘይት እያስነካ ኪቦርድ ያስተማረኝ እሱ ነው።

አንድ ቀን ጋሽ ከድር ከመርካቶ ሲዲ ይዘው መጡ። የመሣሪያ ድምፅ ሁሉ ከኮምፒውተር የሚያወጣ ሶፍትዌር ነው።

«ሳምንት ይበቃሻል። የሚረባ ከሆነ ተማሪው፣ ኪቦርዱን እሸጠዋለሁ። ካልረባም ንገሪኝ።»

ኪቦርዱ ከተሸጠ ደረጀ ሥራ የለውም። እሱም ሰምቷል። «በደንብ ሞክሪው እንግዲህ፣ የኔ ዳኛ» ብሎ ሳቀ።

ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። ወደ ቃሊቲ የሚወርዱት ተሳቢዎች ግድግዳውን ያንቀጠቅጡታል፤ እኔ ጫማዬ ጭቃ እንደለበሰ ማውስ እገፋለሁ። በባቲ ቅኝት ሞከርኩት፣ በአምባሰል ሞከርኩት፣ አማረ። አንቺሆዬን ግን አልሞከርኩም። ደረጀ ለአንቺሆዬ ሁለት ድምፆችን በጆሮው እየለካ ትንሽ ዝቅ እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ሶፍትዌሩ ላይ ያ የት እንዳለ መፈለግ ሰለቸኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቅዳሜ «ሞክሬዋለሁ፣ ይረባል» አልኳቸው።

ኪቦርዱ ሰኞ ተሸጠ። ደረጀ «ገመዱ የኔ ነው» ብሎ ጠቅልሎ ወጣ። አላለቀስኩም። ሳምቡሳ ገዝቼ በላሁ።

በሳምንቱ አንዲት የሰርግ ዘፋኝ መጣች፤ ዘፈኗ አንቺሆዬ ነው። ሦስቴ ጀምራ ሦስቴ አቆመች።

«እህቴ፣ ይሄ ነገር ከድምፄ ጋር ይጣላል። ደረጀ የለም?»

ጋሽ ከድር አዩኝ። «ሞክሬዋለሁ አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

ድምፅ ዝቅ የሚደረግበትን ቦታ በኋላ ፈልጌ አገኘሁት። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ደረጀ ግን አቃቂ አንድ መጋዘን ጥበቃ ገብቶ ነበር። አንዴ ታክሲ ውስጥ ተገናኘን።

«አንቺሆዬው ተገኘ?» አለኝ።

«ተገኘ።»

«ጥሩ» ብሎ ሳሪስ አቦ ወረደ።

እህቴ አሁንም መልስ ትጠብቃለች። «መጀመሪያ የሚያስቸግርሽን ሞክሪበት፣ ከዚያ ጠይቂኝ» አልኳት። አልገባትም። ላፕቶፑን ወደ እኔ ሳብኩና ለአንቺሆዬ ድምፅ ዝቅ የሚደረግበትን ቦታ ራሴ ፈለግኩ። እዚህም ራቅ ያለ ቦታ ነው ያስቀመጡት። አገኘሁት፣ ሁለቱን ድምፆች ዝቅ አደረግኩ፣ ተጫወትኩት። ልክ ነበር። ደስ ግን አላለኝም።