የፀሐዩ ጀልባ በገላን ደረጃ ላይ

ፀሐዩ የባህር ኃይል ሰው ነበር። ምፅዋ አስራ አንድ ዓመት አገልግሎ፣ ጦሩ ሲበተን ባዶ እጁን አቃቂ በሰቃ ገባ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ወርክሾፕ የፋይበርግላስ የውሃ ታንከር ይሠራል። የባህር ሰው ውሃ ማጠራቀሚያ ሲሠራ! መሳቅ ትችላላችሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ታፍኖ ነበር የሚኖረው።

እሁድ እሁድ በቀበሌ ቤቱ ግቢ ካያክ የሚሉትን የአንድ ሰው ጀልባ ይሠራል፤ ቀጭን፣ አምስት ሜትር ተኩል የሚረዝም። ስድስት ዓመት ፈጀበት። «ጅቡቲ ወስጄ ቀይ ባህር ላይ ሳልቀዝፍበት አልሞትም» ይላል። ሚስቱ አማረች ደግሞ «መጀመሪያ የሚያፈሰውን ጣራ ድፈንልኝ» ትለዋለች።

ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር መዝናኛ የከፈተው የስልጤው ነጋዴ ሀይረዲን ታንከር ለማዘዝ ቤቱ ድረስ መጥቶ ጀልባውን አየው።

«ጋሽ ፀሐዩ፣ ግሩም ሥራ ነው፤ ግን ረዘመ። የኔ ደንበኛ ግማሽ ሰዓት ተንሸራሽሮ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚሄድ ነው። አጠር ቢል አንድ ሰው ይሸከመዋል፣ ሚኒባስ ጣራ ላይ ይጫናል። እንደዚያ ከሠሩልኝ አስር አዛለሁ።»

«አጭር ጀልባ ማዕበል ላይ ቀጥ ብሎ አይሄድም።»

«ቢሾፍቱ ላይ የምን ማዕበል አመጡብኝ!»

ፀሐዩ ተቆጥቶ ሸኘው።

በዓመቱ ግቢው ለልማት ተፈለገ፤ በምትኩ ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ተሰጣቸው። ጀልባውን ከብሎኩ ሥር ማስቀመጥ የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ከለከለ። ፀሐዩ ሜትር ይዞ ሄዶ በሩን ለካ፤ ከሳሎኑ ጥግ እስከ መኝታ ቤቱ ለካ። ይገባል! ደረጃውን ግን አልለካም። ዕድሜውን በመርከብ ጠባብ መሰላል ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ደረጃ እንደሚያስቸግር በምን ይጠርጥር?

ስድስት ጎረቤት የተሸከመው ጀልባ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ። ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ አለ። ከላይ ሰው መውረድ፣ ከታች ጀሪካን የያዘች ሴት መውጣት አቃታቸው። ፀሐዩ በጀልባውና በግድግዳው መካከል ተጣብቆ ቆመ፤ ላብ አጠመቀው። አንድ ሰዓት ሙሉ ገፉ፣ ጎተቱ።

«አንተ ሰውዬ፣ የሰው መንገድ ዘጋህ እኮ» አለችው አማረች ቀስ ብላ። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

መጋዝ አስመጣና በገዛ እጁ ቆረጠው። ሲቆርጥ አለቀሰ፤ ጎረቤቶቹ አቧራው ነው ብለው አለፉት።

በኋላ ከመሃሉ ሁለት ሜትር አውጥቶ ጫፎቹን ገጣጠመና ለሀይረዲን ደወለ። ቢሾፍቱ ላይም ራሱ ገብቶ ሞከረው። አንዴ ቢቀዝፍ ጀልባው ዞረ። ደግሞ ቢቀዝፍ ወደ ተነሳበት ተመለሰ። ሐይቁን ዙሪያውን ገደል ከቦታል።

«አቤት ሲታዘዝ!» ሀይረዲን ከዳር አጨበጨበ። «አስር አይበቃኝም፣ ሃያ ይሥሩልኝ!»

«እሠራልሃለሁ» አለ ፀሐዩ። «መሄጃ ላለው ሰው ግን እንዳታከራይ።»