አረንጓዴ የተቀባው ቀይ በር

የእናቴን መርዶ ይዘው የመጡትን ሰዎች መንገድ መርቼ ቤቴ ያስገባኋቸው እኔው ነኝ። ጥፋቱ ሰፈሬን የነደፈው አርክቴክት ነው።

የምኖርበትን ሰፈር ሰዎች ካሜራ ይዘው እየመጡ ያዩታል። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ባለጸጎች ለሠራተኛ ድሃ ብለው ያሠሩት ነው አሉ። ለጨዋ ድሃ ማለቴ ነው፤ አንድ መጠጥ ቤት እንኳ አላስገቡበትም። በየበሩ ላይ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሾጠጥ ያለ የጡብ ቅስት አለው። ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ ማንም የማይወጣበት ግንብ ተገትሯል። ከውጭ ሲያዩት ቤተ መንግሥት፣ ሲገቡበት አልጋና ቁም ሣጥን የሚጣሉበት ክፍል። መስኮቱ የዚያ ዘመን እንጨት ነው፤ መለወጥ ክልክል ነው። የሚገባውም ነፋስ የዚያው ዘመን ሳይሆን አይቀርም።

እኔን የቸገረኝ ግን መመሳሰሉ ነው። መንገዱ ሁሉ አንድ፣ ቤቱ ሁሉ አንድ፣ በሩ ሁሉ አረንጓዴ። አንዱን ከሌላው የሚለየው በየጥጉ የተለጠፈውን የመንገድ ስም የሚያነብ ሰው ነው። እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የአገሬንም የእነሱንም። ሁለት ጊዜ የሰው በር በቁልፌ ለመክፈት ስታገል ተያዝኩ። በሁለተኛው ፖሊስ ተጠራብኝ። በማግስቱ አንድ ቆርቆሮ ቀለም ገዝቼ በሩን እንደ በርበሬ አቀላሁት። ከዚያ ወዲያ ለጠየቀኝ ሁሉ አድራሻዬ «ቀዩ በር» ሆነ። ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠፋም፤ እኔም አልጠፋሁም።

ከዚያ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ከካውንስሉ፣ ደብዳቤ መጣ። ባለቤቴ አነበበችልኝ።

«የሰፈሩን መልክ አበላሽተሃል፣ ወደ አረንጓዴ መልስ ነው የሚልህ።»

«የማንን መልክ?»

«የቤቶቹን ነዋ።»

«እኛስ መልክ የለንም?»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ አንባቢ ነኝ እንጂ ካውንስል አይደለሁም!»

ቀባሁት። ቀዩ ከሥር ብቅ ብቅ እያለ አስቸገረኝና አንድ ቀን ማምሻውን በወፍራሙ ደገምኩት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ለሥራ ስወጣ ከመንገዱ ማዶ ስድስት ሰዎች አየሁ። ጥቁር ለብሰዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በየበሩ ፊት እየቆሙ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ አንዲት ፈረንጅ መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ ታያቸዋለች። የዕድራችን ሰዎች ናቸው፣ ራቅ ካለው ከአርችዌይ ሰፈር። ከፊት ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ በዚህ ማለዳ ምን እግር ጣለዎት?»

«እንዲያው… እግራችንን እናፍታታ ብለን።»

«ከአርችዌይ እዚህ ድረስ?»

«ለኮሌስትሮል ጥሩ ነው ሲሉን» አለች አንዷ ሴት። ካፊያ ይወርድ ነበር።

አንዱ ጎልማሳ ግን አልቻለም፤ «ወንድሜ፣ ያ ቀይ በርህ የት ገባ? ግማሽ ሰዓት ዞርን እኮ!» አለኝ። ጋሼ በምርኩዛቸው እግሩን ወጋ አደረጉት።

መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ሰውዬው ቤቱ ተቀምጦ፣ ግራ ቀኙን ሰው ይዞት ነው። ሥርዓቱን አውቀዋለሁ፤ ለስንቱ ሄጃለሁ። እናቴ ደግሞ አገር ቤት ታማ ከተኛች ሦስት ወር አልፏታል። ስለዚህ ማን ብዬ አልጠየቅሁም። እነሱም አልነገሩኝም። «ኑ፣ በዚህ ነው» ብዬ ከፊት ከፊት ሄድኩ። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ጋሼ የሚሉት ሲጠፋቸው «ሰፈሩ ደስ ይላል» አሉ።

«አዎ፣ ለማየት ይመጣሉ» አልኳቸው።

ቁልፌን አወጣሁ። ጋሼ ሊደግፉኝ ጠጋ ሲሉ ራሳቸው ተንገዳገዱና መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳረፉ። ያልደረቀው አረንጓዴ ከእጃቸው ጋር ተነሣ፤ ከሥሩ አምስት ጣት ቀይ ወጣ። ገባን። ተቀመጥኩ። ያዙኝ።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ የማታ ትምህርት ገባሁ። በሩ እስከ ዛሬ አረንጓዴ ነው፤ አምስቱን ጣት ግን አልቀባሁትም። ደብዳቤ ይላኩ። አሁን ራሴ አነባለሁ።