ለኢኖኬ የተሸጠው ክፍል

ኤሮኒ ስራ ሲሸጥ ብታዩት ኖሮ እንደኔ አፋችሁን ከፍታችሁ ነበር የምትቀሩት። የፕሮጀክት ማናጀር ነው፣ የደሴቷ ከተማችን የሳቩሳቩ ኮንትራክተር የዳርሜሽ ማናጀር። መሃንዲስ ምናምን አይደለም። ድሮ መናኸሪያው ጋ ካልሲና የስልክ ካርድ ሲሸጥ ነው ሰው ሁሉ የሚያውቀው። ከዛ አናጢ ሆነ፣ ከዛ ደግሞ እኛን የሚመራ። ስራ በቀኑ ያስረክባል፣ ሲሚንቶ አያባክንም። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፣ እምቢ ማለት አይችልም።

እኛ ጋ ዘመድ ከለመነህ ትሰጣለህ፣ በቃ። ሳቩሳቩ ላይ ደግሞ ዘመድ ያልሆነ ማን አለ? ጣራ ልንከድን ሄደን "ኤሮኒ፣ እግረ መንገድህን ይቺን በር አስተካክልልኝ" ይሉታል። ያስተካክላል። "እግረ መንገድህን ለዶሮዎቹም ቤት ቢጤ" ይሉታል። እሱንም ይሰራል፣ ያውም በዳርሜሽ ቆርቆሮና ሚስማር።

አንድ ጠዋት ዳርሜሽ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው።

"እንዲህ ከቀጠልን ከገና በፊት እዘጋለሁ" አለው። "ይሄን ሁሉ ሰራተኛ ልበትን ነው። አንተ ካልሲ ስትሸጥ አንዱን እግር በነጻ ትሰጥ ነበር እንዴ?"

"እዛ ሻጭ ነበርኩ ቦስ። እዚህ ሰሪ ነኝ።"

"እዚህም ሽጣ። በኋላ መለመናቸው ካልቀረ ቀድመህ ጠይቃቸውና ዋጋውን ንገራቸው።"

ይቺ ነገር ገባችው። ከዛ በኋላ ውል ከመፈረሙ በፊት ራሱ ካቫ፣ ያንን ከስር የሚጠመቀውን የእንግዳ መጠጣችንን፣ ገዝቶ ባለቤቶቹ ጋ ይሄዳል፣ ሰሌን ላይ ይቀመጣል፣ እየጠጣ ስለ ዓሣው ስለ ዝናቡ ያወራል። ስለ ቤቱ ትንፍሽ አይልም። መጨረሻ ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል። "በዚህ ጣራ ስር ማን እንዲተኛ ነው የምትፈልጉት?"

ሰዉ ያስባል። አማቱ ትዝ ትለዋለች፣ ልትወልድ የደረሰች ልጁ ትዝ ትለዋለች። ኤሮኒ እዛው ዋጋውን ይናገራል። አይጫንም፣ አይለማመጥም። በሩም የዶሮ ቤቱም ውል ውስጥ ገባ። ማንም አልተቀየመም፣ እንዲያውም "አሰበልን" ነው ያሉት። እኔ እንዲህ ያለ ሙያ አይቼ አላውቅም።

ቀለም ቀቢያችን ሳሚሶኒ ታቫሌው ነው፣ የአክስቱ ልጅ ማለት፣ እንዳሻው ሊሰድበው የተፈቀደለት። "አንተ ታቫሌ፣ ለሞተ ሰው ትራስ ትሸጣለህ" ይለዋል።

"ላንተማ በቅናሽ ነው። መቼ ነው የምትሞተው?"

እንዲህ እየተሳሳቅን ነው ቡቡ አካኒሲ ጋ የደረስነው። ቡቡ አያት ማለት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደዛ ነው የሚጠራቸው። ቤታቸውን አውሎ ነፋስ ወስዶታል። ልጃቸው ኢኖኬ አውስትራሊያ ፍሬ ለቀማ ሄዶ የአንዲት ክፍል ቤት ገንዘብ ልኮላቸዋል። ለገና ይመጣል። እሳቸው ያስላሉ፣ ደረታቸው ሲያፏጭ ከውጭ ይሰማል።

"በዚህ ጣራ ስር ማን እንዲተኛ ነው የሚፈልጉት ቡቡ?"

"እኔው ነኛ። ሌላ ማን አለኝ።"

ኤሮኒ ዝም አለ። ዋናው ሽያጭ ዝምታው ነው፣ እሱን ከሱ ተምሬያለሁ።

"ኢኖኬ ሲመጣስ የት ይተኛል?" አሉ ራሳቸው።

"በባህሩ በኩል አንድ ክፍል ይወጣል" አለና ዋጋውን ነገራቸው።

"ለሱ ንገረው እስቲ" ብለው ደውለው ስልኩን ሰጡት።

ኢኖኬ ሰማው። "በጣም ትፈልገዋለች?" አለ።

"ይፈልጉታል።"

"እንግዲያው ለገና አልመጣም፣ እስከ ሰኔ ልስራ። ለሷ እኔ እነግራታለሁ።"

ኤሮኒ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቡቡ ሲያስሉ አያቸው። ክፍሉ ይቆይና አንተ ና ሊለው ይችል ነበር። "ጥሩ" ነው ያለው።

ዳርሜሽ በዛ ስራ ትርፍ ነው መጋዘኑን ሳይዘጋ ገናን ያለፈው። እኛም ደሞዛችንን በላን።

ቡቡ አዲሷ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን አልተኙም። ይጠርጓታል፣ ሰሌኑን ያነጥፋሉ፣ አላፊ አግዳሚውን እየጠሩ "የኢኖኬ ናት" ይላሉ። የካቲት ላይ፣ በዝናቡ፣ ሞቱ። ኢኖኬ ለቀብር ደረሰ።

ኤሮኒ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ፈልጎ ገዛ። እኛ ጋ ከባድ ይቅርታ ያለሱ አይጠየቅም። ለቅሶ የሚደርስ ሰውም ያንኑ ነው የሚይዘው። ከሳሚሶኒ ጋር ተከትለነው ሄድን። ሰሌኑ ላይ ተንበርክኮ ጥርሱን በሁለት እጁ ያዘ።

"ኢኖኬ፣ ይሄ የለቅሶ አይደለም፣ የይቅርታ ነው። ያንን ክፍል እኔ ነኝ የሸጥኩት። ባልሸጠው ለገና መጥተህ ታያቸው ነበር።"

ኢኖኬ ዓይኑ አብጧል። "ኧረ ተው ኤሮኒ። ማታ ማታ ስትደውል ወሬዋ ክፍሉ ነበር። ዛሬ መስኮትህን ከፈትኩት፣ ዛሬ ንፋስ አስገባሁልህ ትለኛለች። ምን አጠፋህና ነው ይቅር የምልህ?"

ጥርሱን ተቀብሎ ለቅሶ ደራሾቹ ካመጧቸው ጋር አስቀመጠው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ አጨበጨቡ፣ ተቀብለናል ማለት ነው። በቃ፣ የለቅሶ ሆነ። ኤሮኒ ባዶ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ቀረ።

ስንወጣ ኢኖኬ ጠራው። "እግረ መንገድህን ያቺን መስኮት እያት፣ አልዘጋ ብላኛለች።"

መላጊያ ተውሶ ገባና ጠርዟን ላጋት። መስኮቷ ግጥም ብላ ከተዘጋች በኋላም መላጊያውን ይዞ እዛው ቆመ። ሳሚሶኒ ፍቅፋቂውን ከወለሉ ለቀመ።

ድርጅቱ ደህና ነው፣ ስራም ሞልቷል። ኤሮኒ ዛሬም በር ይሸጣል፣ ቁም ሳጥን ይሸጣል። ያቺን ጥያቄ ግን አይጠይቅም፣ እሷን ለኔ ትቶልኛል። ካቫው አልቆ ልጠይቅ ስል ሜትሩን አንስቶ ግቢውን ሊለካ ይወጣል።